እንዴት ይሠራል? ስድስት ክር፣ አምስት ድምፅ

በተለመደው መንገድ የተቃኘ ጊታር እጅዎ ገብቷል እንበል። የግራ እጅዎን ጣቶች ሳያሳርፉ ክሮቹን ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ አንድ በአንድ ይምቷቸው። ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ይላሉ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሚ ያው አንድ ድምፅ ነው፤ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። እንግዲህ ስድስቱ ክሮች በመካከላቸው የያዙት አምስት ድምፅ ነው። አምስቱን ከሶል ጀምረን በተርታ ብናቆማቸው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናሉ፤ ይህ ትዝታ ሜጀር ነው። ከሚ ጀምረን ብናቆማቸው ደግሞ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ ይመጣል፤ ይህ ባቲ ማይነር ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው መሣሪያ ገና ጣት ሳያርፍበት የእኛን ሁለት ቅኝቶች ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ወደ ቅኝቶቹ አገር እንሂድ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ውጫሌን ካለፈ በኋላ፣ መርሳ ከመድረሱ በፊት ውርጌሳን ያገኛል። ከተማዋ በሀብሩ ወረዳ ናት። ሀብሩን በደቡብ በኩል ከደቡብ ወሎ የሚለየው ሚሌ ወንዝ ነው፤ አምባሰል እዚያው ጎረቤት ነው። ባቲም ሩቅ አይደለችም፤ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ወረድ ሲሉ የሰኞ ገበያዋ ላይ ይደርሳሉ። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የሚጠሩት በእነዚህ ስፍራዎች ስም ነው። ውርጌሳ ያደገ ልጅ የሠርግ ዘፈኑ፣ መንዙማው፣ የአዝማሪው ማሲንቆ ጆሮውን ሞልቶት ነው የሚያድገው። ጊታር ሲገዛ ግን መምህሩ ስልኩ ይሆናል። ስልኩ በአብዛኛው የሚያሳየው ሰባት ድምፅ ያለውን ስኬልና እየዞሩ የሚደጋገሙ አራት ኮርዶችን ነው። ልጁ ተግቶ ይለማመዳል፤ ጣቱ ይፈጥናል፤ «እስቲ አንድ አምባሰል ምታልን» ሲባል ግን እጁ ይያዛል። ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም። ጆሮው የሚያውቀውና እጁ የተማረው አልተገናኙም፤ እኔ መሻሻል የምለው እነዚህን ሁለቱን ማገናኘትን ነው።

አስቀድመን ፍሬት፣ በአንገቱ ላይ የተተከለው የብረት ዘንግ፣ ምን እንደሚሠራ እንይ። የክር ድምፅ ከፍታ በሦስት ነገር ይወሰናል፤ በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ። ወፍራሙ ክር ዝቅ ያለ ድምፅ የሚሰጠው ከባድ በመሆኑ ነው። መቃኛውን ስናጠብቅ ድምፁ የሚወጣው ውጥረቱ ስለሚጨምር ነው። የግራ እጅ ሥራ ግን ርዝመቱን ማሳጠር ነው። ክሩን ፍሬቱ ላይ ሲጫኑት የሚርገበገበው ከፍሬቱ እስከ ድልድዩ ያለው ክፍል ብቻ ይሆናል። በብዙ የናይለን ክር ጊታሮች ላይ ጠቅላላው ርዝመት 65 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ካለ ይለኩት። 12ኛውን ፍሬት 32.5 ሴንቲሜትር ላይ፣ ልክ እኩሌታው ላይ ያገኙታል። ክሩ በግማሽ ሲያጥር በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር እጥፍ ይሆናል፤ አምስተኛው ክር፣ ከቀጭኑ ሲቆጠር፣ ክፍቱን 110 ጊዜ፣ 12ኛው ፍሬት ላይ 220 ጊዜ ይርገበገባል፤ ጆሮም ያንኑ ላ ከፍ ብሎ ይሰማዋል። 7ኛው ፍሬት የክሩን ሲሶ ያህል፣ 5ኛው ደግሞ ሩቡን ያህል ይቆርጣል። እያንዳንዱ ፍሬት ከቀረው ርዝመት አንድ አሥራ ስምንተኛ ገደማ ስለሚቀንስ የመጀመሪያው ከጫፉ 3.6 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ይቀመጥና ከዚያ በኋላ ያሉት ወደ ሆዱ በቀረቡ ቁጥር እየጠበቡ ይሄዳሉ። ከአንዱ ፍሬት እስከ ቀጣዩ ያለው ግማሽ ድምፅ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ግማሾች አንድ ዙር ይሞላሉ። ፍሬቶቹን የደረደራቸው ይህ ስሌት ነው። ከአሥራ ሁለቱ የትኞቹን አምስት እንደምንመርጥና የትኛው ላይ እንደምናርፍ የሚነግረን ግን ቅኝቱ ነው።

አሁን ቀጭኑን የመጀመሪያ ክር ብቻ እንያዝ። ቁጥሮቹ ፍሬቶች ናቸው፤ 0 ማለት ክፍቱን መምታት ነው። ትዝታ ሜጀር 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 12 ነው። በአንዲት ጣት እየተንሸራተቱ ወጥተው በዚያው ይውረዱ፤ እየመቱም አብረው ያዚሙ። ማዜሙን ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ፤ በአፉ የማያወጣውን ድምፅ ጣት በልማድ ብቻ ስለሚያገኘው፣ ልማዱ ሲረሳ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። ከስድስቱ ቁጥሮች ሁለቱን ብቻ፣ 4ን ወደ 3፣ 9ን ወደ 8፣ አንድ አንድ ፍሬት ይመልሷቸው። 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8፣ 12 ሆነ፤ ይህ ትዝታ ማይነር ነው። ሌላው ሁሉ በቦታው ነው። ሁለት ድምፅ በአንድ አንድ ፍሬት ዝቅ ስላለ ብቻ ዜማው ፊቱን እንዴት እንደሚያጠቁር ይስሙ።

ባቲ ሜጀር 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፣ 12 ነው። እዚህም 4ን ወደ 3፣ 11ን ወደ 10 ይመልሱና ባቲ ማይነርን ያገኛሉ፤ 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10፣ 12። ይህን የመጨረሻውን ስኬል በስልኩ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብሉዝና ሮክ የሚያስተምሩ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያሳዩት፣ ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው ይኸው ነው። ወራት ለፍቶበት የተማረውን ነገር ባቲ ብሎ ሊጠራው እንደሚችል የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው የሚያሳዝነኝ።

አምባሰል ላይ ግን እንቆይ፤ ጎረቤት ነውና። 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፣ 12። ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ ተጠጋግተዋል፤ 0 እና 1፣ 7 እና 8። ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ሰፊ ዝላይ አለ፤ ከ1 እስከ 5 አራት ፍሬት፣ ከ8 እስከ 12 እንደገና አራት። የአምባሰል ስሜት የተቀመጠው በዚህ አደራደር ውስጥ ነው። ሰፊውን ይዘልና ከጠባቡ ላይ ይወድቃል፤ ከ5 ወደ 1 ሲወርድ ገደል የተሻገረ ያህል ይሆንና፣ ከ1 ወደ 0 በግማሽ ድምፅ ብቻ ተንሸራቶ ያርፋል። ከላይ ወደ ታች ይሞክሩት፤ 12፣ 8፣ 7፣ 5፣ 1፣ 0። 1 ላይ ሲደርሱ አይቸኩሉ፤ ጣትዎን ያቆዩት፤ ጆሮዎ «ውረድ» እስኪልዎት ይጠብቁና ከዚያ ይልቀቁት። ማሪቱ ለገሠ አምባሰል ስታዜም ያዳመጠ ሰው እዚያች ድምፅ ላይ መቆየት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ይህችን አንዲት መውረጃ በሚገባ የመታ ጀማሪ፣ ሃያ ፈጣን ስኬል ከሚያንበለብል ሰው ይልቅ ውርጌሳ ላይ አድማጭ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

አንቺ ሆዬ የአምባሰል የቅርብ ዘመድ ይመስላል። ከአምባሰል 7ን ወደ 6 ዝቅ፣ 8ን ወደ 9 ከፍ ያድርጉ፤ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9፣ 12። ለጣት ቀላል ነው፤ ለጆሮ ግን ከአራቱ ከባዱ እርሱ ነው። ምክንያቱም በሌሎቹ ሁሉ ውስጥ የነበረው 7ኛው ፍሬት፣ ክሩን ሲሶው ላይ የሚቆርጠውና ከክፍቱ ድምፅ ጋር ከሁሉ ይበልጥ የሚስማማው፣ እዚህ የለም። መደገፊያው ሲነሳ ዜማው እየተንሳፈፈ ይሄዳል። እስኪለመድ ድረስ ከሚያዜም ሰው ጋር መለማመድ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ነው። እነዚህን አምስት ድምፆች ይያዙ፤ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። በጊታሩ ራስጌ፣ ክፍት ክሮቹ አጠገብ እንዲህ ይገኛሉ። አምስተኛው ክር ላይ 0፣ 2 እና 3፤ አራተኛው ላይ 2 እና 3፤ ሦስተኛው ላይ 2 ብቻ፤ ሁለተኛው ላይ 0 እና 1፤ የመጀመሪያው ላይ 0 እና 1። አራተኛውና ሦስተኛው ክር ክፍታቸውን ከተመቱ ሬ እና ሶል ይገቡና ቅኝቱን ያፈርሱታል፤ ስለዚህ እንዳይጮኹ ይጠብቋቸው። አሁን በአውራ ጣትዎ አምስተኛውን ክር ክፍቱን፣ ላን፣ በየጊዜው እየመቱ በላዩ አምስቱን ድምፆች እንደፈለጉ ይጫወቱባቸው፤ መጨረሻዎንም ላ ላይ ያሳርፉ። የላ ትዝታ ማይነር ነው፤ ማንም ይለየዋል። ከዚያ አንዲት ነገር ብቻ ይለውጡ። አውራ ጣትዎን ወደ ስድስተኛው ክር፣ ወደ ወፍራሙ ሚ ያዛውሩት፤ ማረፊያዎንም ሚ ያድርጉት። ቀኝ እጅዎ ከታች የሚመታው ድምፅ ተለወጠ እንጂ ግራ እጅዎ የሚነካቸው ድምፆች እነዚያው አምስቱ ናቸው። አሁን ግን ትዝታው የለም፤ የሚ አምባሰል ሆኗል።

እንዲህ ያለው ነገር የሚሆነው ጆሮ ድምፆችን ለየብቻ ስለማይሰማ ነው። እያንዳንዱን ድምፅ የሚመዝነው ከማረፊያው ባለው ርቀት ነው። ፋ ከላ ሲለካ ስምንት ግማሽ ድምፅ ይርቃል፤ ከሚ ሲለካ ግን አንድ ግማሽ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያው ፋ በአንደኛው ቤት ሩቅ እንግዳ፣ በሌላው ደጃፍ ላይ የቆመ ይሆናል። ስኬልን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚመላለስ ተማሪ የማይሻሻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ድምፆቹን ያውቃቸዋል፤ የሚመለስበትን ግን አያውቅም። ልምምዱ የሚያፈራው ማረፊያው ከታች ሳያቋርጥ እየተሰማ፣ ከላይ አጭር አጭር ሐረግ እየተመታ፣ እያንዳንዱ ሐረግ ወይ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ወይ ታስቦበት ሳይመለስ ሲቀር ነው። ክራር የሚደረድሩትን ያስተውሏቸው፤ አምስት ወይም ስድስት ጅማት ብቻ ነው ያላቸው፤ ሀብታቸው ሁሉ ወደ ማረፊያው ከመመለስ የሚመጣ ነው። አስናቀች ወርቁና ሜሪ አርምዴ በዚያች ጥቂት ጅማት ምን እንዳደረጉ ቅጂዎቻቸው ይመሰክራሉ።

ወደ ኮርድ ስንመጣ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደረስን። ኮርድ ማለት ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ባንድ ላይ ሲጮኹ ነው። ሜጀሩና ማይነሩ የተሠሩት ለሰባት ድምፅ ስኬል ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ድምፁ አምስት ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ኮርድ የቅኝቱ ያልሆነ ድምፅ ይዞ ይገባል። በጣም የሚዘወተሩትን አራቱን እንውሰድ፤ ሶል ሜጀር፣ ሬ ሜጀር፣ ሚ ማይነር፣ ዶ ሜጀር። ዘፈኑ የሶል ትዝታ ከሆነ ሶል ሜጀር (ሶል፣ ሲ፣ ሬ) እና ሚ ማይነር (ሚ፣ ሶል፣ ሲ) ሙሉ በሙሉ ከቅኝቱ ውስጥ ናቸው። ሬ ሜጀር ግን ፋ ሻርፕ አለበት፤ ዶ ሜጀርም ዶ ራሱን ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ከአምስቱ ውስጥ የሉም፤ ዘፋኙ ድምፁን ሲያንቀጠቅጥና ጊታሩ ከሥሩ ሌላ ወሬ ሲያወራ የሚሰማው ከእነዚህ የተነሳ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሬ ሜጀርን ይያዙና ከመጀመሪያው ክር ላይ ጣትዎን ያንሱት፤ ፋ ሻርፑ ወጥቶ ክፍቱ ሚ ይተካዋል። አራቱ ክሮች አሁን ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ሚ ይላሉ፤ ሁሉም የቅኝቱ ልጆች ናቸው። በዶ ሜጀር ፈንታ አምስተኛውን ክር ክፍቱን ይተዉና አራተኛውንና ሦስተኛውን 2ኛ ፍሬት ላይ ይጫኑ፤ ቀጫጭኖቹን ሁለቱን ክፍት ያድርጓቸው፤ ወፍራሙን ስድስተኛ አይምቱት። ላ፣ ሚ፣ ላ፣ ሲ፣ ሚ ይመጣል። አሁን አራት ኮርድ አለዎት፤ አንዱም ከትዝታ አይወጣም። ለትዝታ ማይነር ደግሞ በላ ከሆነ ላ ማይነርና ፋ ሜጀር ይበቃሉ። ለባቲ ሜጀር በሶል ከሆነ ሶል ሜጀርና ሲ ማይነር አሉ።

አምባሰል ላይ ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያጋጥማል። ኮርድን ሜጀር ወይም ማይነር የሚያሰኘው ከማረፊያው ሦስት ወይም አራት ፍሬት ላይ ያለው ድምፅ ነው። አምባሰልን ይቁጠሩት፤ 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8። ሦስትም የለ፣ አራትም የለ። ስለዚህ በማረፊያው ላይ ሜጀርም ማይነርም መሥራት አይቻልም። «አምባሰል ሜጀር ነው ማይነር?» ብሎ የሚከራከር ጊታር ተጫዋች ሲያጋጥም መልሱ እዚሁ ነው፤ ቅኝቱ ሁለቱንም ክፍት ትቷቸዋል። ታዲያ ከሥሩ ምን ይመታ? አምስተኛውን፣ አራተኛውንና ሦስተኛውን ክር 2ኛ ፍሬት ላይ በሦስት ጣት ይጫኑ፤ ሌሎቹን ክፍት ይተዉ፤ ስድስቱንም ይምቱ። ሚ፣ ሲ፣ ሚ፣ ላ፣ ሲ፣ ሚ ይሰማል። ደስታም ሐዘንም ሳይል ሰፍቶ ይቆማል፤ ለአምባሰል ከዚህ የተሻለ ወለል አላውቅም። ጠቋሚ ጣትዎ ነፃ ከሆነ በመጀመሪያው ክር 1ኛ ፍሬት ላይ ፋን ነካ አድርገው ወደ ክፍቱ ሚ ይመልሱት፤ ኮርዱ ሳይነቀነቅ ዜማው ከላዩ ይወርዳል። አንቺ ሆዬ ደግሞ 7 እንኳ ስለሌለው ይህም ወለል አይሆነውም፤ ማረፊያውን ብቻ ከወፍራሙና ከቀጭኑ ክር መምታት፣ ሌላውን ለዜማው መተው ይሻላል።

ይህ ሁሉ የተከለከለ ኮርድ አለ ለማለት አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ አምስቱን ድምፅ ከአሥራ ሁለቱ ጋር ማዋሐድን የዕድሜ ልክ ሥራው አድርጎ ኢትዮ ጃዝን አቁሟል። ልዩነቱ እርሱ የውጭውን ድምፅ የሚያስገባው ምን እንደሆነ አውቆ፣ ቦታ መርጦ መሆኑ ነው። በጊታር በኩል ደግሞ የሰላም ስዩምን ሥራ ያዳምጡ እላለሁ። ኋላ ሮሃ ባንድ የተባለው አይቤክስ ባንድ ከማህሙድ አህመድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 በሠራው «ኧረ መላ መላ» ውስጥ የእርሱ ጊታር ኮርድ ዘርግቶ አይተኛም። አጭር፣ ተደጋጋሚ፣ ጠንካራ ሐረግ ይዞ ከባሱና ከከበሮው ጋር ይሄዳል። ለእኔ ጆሮ ያ አመታት ከክራር የተወለደ ነው።

ክራርን ካነሳሁ ስለ ድምፅ ቃና፣ ተጫዋቾች ቶን ስለሚሉት ነገር ልናገር። ብዙ ጀማሪ ቶን የሚገዛ ነገር ይመስለዋል፤ የተሻለ ጊታር፣ አምፕሊፋየር፣ ፔዳል። እነዚህ ይረዳሉ፤ ነገር ግን አብዛኛው ቶን ያለው ቀኝ እጅ ውስጥ ነው። ምክንያቱን በጣት መፈተሽ ይቻላል። ክሩን ሳይጫኑ፣ 12ኛው ፍሬት ልክ አናት ላይ ነካ ብቻ አድርገው ይምቱትና ጣትዎን ወዲያው ያንሱ። ደወል የመሰለ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። 7ኛው ላይም እንዲሁ፤ ሌላ፣ ከፍ ያለ ድምፅ ይመጣል። እነዚህ ድምፆች ቀድሞም ክሩ ውስጥ ነበሩ። አንድ ክር ሲመታ በሙሉው፣ በግማሹ፣ በሲሶው፣ በሩቡ፣ ባንድ ጊዜ ይርገበገባል፤ የምንሰማው የእነዚህን ድምር ነው። ቃና ማለት የድምሩ አከፋፈል ነው።

የአከፋፈሉን ቁልፍ የያዘው ክሩ የሚመታበት ቦታ ነው። ድልድዩ አጠገብ ሲመቱ ከፍ ከፍ ያሉት ድምፆች ይበረታሉ፤ ቃናው ሹል፣ ብረት ብረት የሚል ይሆናል። ከሆዱ ቀዳዳ አልፈው ወደ አንገቱ ሲጠጉ ዋናው ድምፅ ይጎላና ቃናው ይለሰልሳል። ልክ እኩሌታው ላይ ከመቱት በግማሽና በሩብ የሚርገበገቡት ጭራሽ አይነሱም፤ ዋሽንት የሚያስታውስ ባዶ ቃና ይሰማል። አንድ የትዝታ ሐረግ ይያዙና ሳይለውጡ በሦስቱም ቦታ ይምቱት። ቀጥሎ በጥፍር፣ ቀጥሎ በጣት ሥጋ፣ ቀጥሎ በፒክ። ፔዳል ሳይገዙ ስንት ቃና እንዳለዎት ያዩታል።

ሌላው የቃና ምስጢር ድምፁ የሚያልቅበት መንገድ ነው፤ ይህንን ክራር ያስተምራል። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ጅማቶቹን ሁሉ ይጠርጋቸዋል፤ ግራ እጅ ደግሞ ከኋላ ሆኖ የማይፈለጉትን በጣት ያፍናቸዋል፤ የሚሰማው ያልታፈነው ብቻ ነው። የታፈኑት ግን ከንቱ አልቀሩም፤ «ችክ» የሚለውን ምት ይሰጣሉ። ጊታር ላይም ግራ እጅዎን ከኮርዱ ሳያነሱ ጫናውን ብቻ ላላ ያድርጉት፤ ክሮቹ ይታፈናሉ። በስድስት ቁጥር እየቆጠሩ 1 እና 4 ላይ ይጫኑ፣ ሌሎቹ ላይ ያላሉ። የችክችካ ምት መነሻው እዚህ ነው። ዝግ ብለው ይጀምሩ፤ ፍጥነቱ እጅ ሲላላ ራሱ ይመጣል፤ ተገድዶ የመጣ ፍጥነት ግን ክንድ ያደርቃል።

ፍሬት አንድ ችግርም አለው፤ ግትር ነው። ዙሩን አሥራ ሁለት ቦታ እኩል ይከፍልና ከዚያ ወዲያ አይነቃነቅም። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን በአንዲቷ የፈረስ ጭራ ክር ላይ የትም ሊቆም ይችላል፤ የዘፋኝ ጉሮሮም እንዲሁ። ስለዚህ ጊታሩ በትክክል ተቃኝቶ ሳለ ከዘፋኙ ጋር አንዳንዴ የማይገጥመው፣ ዘፋኙ ድምፁን በሁለት ፍሬት መካከል ስለሚያኖረው ነው። የምንጠጋው ክሩን በጣት ወደ ጎን ገፋ በማድረግ ነው፤ ውጥረቱ ይጨምርና ድምፁ በጥቂቱ ይወጣል። መግፋት ግን ከፍ እንጂ ዝቅ አያደርግም። ዝቅ ያለውን ከፈለጉ አንድ ፍሬት ቀድመው ይነሱና እየገፉ ወደ እርሱ ይውጡ። የአምባሰሏን 1ኛ ፍሬት እንዲህ ከክፍቱ ተነስተው ማምጣት አይችሉም፤ ስለዚህ አምባሰልን በቁም ነገር ሲለማመዱ ከክፍቱ ክር ይልቅ ወደ መሀል አንገት ይሂዱ። ማረፊያዎን የመጀመሪያው ክር 5ኛ ፍሬት ካደረጉት ቁጥሮቹ 5፣ 6፣ 10፣ 12፣ 13፣ 17 ይሆናሉ፤ አሁን 6ን ከ5 ገፍተው መውጣት፣ መልሰውም ማውረድ ይችላሉ።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ለናይለን ክር በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር ፈጽሞ አይግጠሙ። የብረቱ ውጥረት በጣም ይበልጣል፤ አንገቱን ያጎብጠዋል፣ ድልድዩንም ከነማጣበቂያው ይነቅለዋል። ሙቀት ባለበት አገር ጊታርን ፀሐይ በሚመታው ቆርቆሮ ሥር ወይም መኪና ውስጥ መተው ማጣበቂያውን ያላላል። የብረት ክርም ሲሞቅ ስለሚረዝም ድምፁ ይወርዳል፤ ከቤት ወደ ግቢ ሲወጡ ቆየት ብለው እንደገና ይቃኙ። ሲጫኑ ጣትዎ ከፍሬቱ ብረት ጀርባ፣ ተጠግቶ ይረፍ። ከራቀ ይንጣጣል፤ ያንን ለማረም አጥብቀው ሲጫኑ ደግሞ ድምፁ ከልኩ ይወጣል።

ከሰው ጋር መጫወት ሲጀምሩ የመጀመሪያው ጥያቄ ዘፋኙ ከየት ይነሳል የሚለው ነው። ዘፋኟ ከሶል ይልቅ ላ ከተመቻት አዲስ ኮርድ መማር አያስፈልግም፤ ካፖውን፣ ክሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚጫነውን ማሰሪያ፣ 2ኛ ፍሬት ላይ ያስሩና እነዚያኑ ቅርፆች ይምቱ፤ ሲ ከፈለገች 4ኛው ላይ። ክራር ተጫዋቹ ጅማቶቹን ሁሉ እንደገና እስኪቃኝ እርስዎ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። ማሲንቆ ካለ ግን ሥራው ይገለበጣል። መጀመሪያ የማሲንቆውን ክፍት ድምፅ ያስመቱና ያዳምጡ፤ ከጊታሩ ፍሬቶች በአንዱ ላይ ልክ ከገጠመ ካፖው ይበቃል። በሁለት ፍሬት መካከል ከወደቀ ስልኩ የሚያሳየውን 440፣ የላን መቃኛ ልክ፣ ይተዉትና ስድስቱንም ክሮች ወደ ማሲንቆው ያምጧቸው፤ ዘፋኙ ድምፁን የያዘው ከማሲንቆው ነውና።